የ«ቪሲፒዩፒን» አንድምታ

ንባብ፦ ቪሲፒዩፒን ቪሲፒዩ 0 ሲፒዩሴት 2።

ትርጓሜ፦ የቨርቹዋል ማሽኑ 0 ቁጥር ፕሮሰሰር በአስተናጋጁ 2 ቁጥር ሲፒዩ ላይ ብቻ ይሥራ አለ። ይህች መስመር በሊብቨርት የሚተዳደሩ ማሽኖች የኤክስኤምኤል ፋይል ውስጥ ያለች ናት። ቅንፏንና ትምህርተ ጥቅሷን ትቼዋለሁ፤ ለኮምፒውተሩ እንጂ ለአንባቢ አይጠቅሙም። 0 ብሎ መነሣቱ ምነው ቢሉ፣ ኮምፒውተር ከዜሮ ይቆጥራልና ነው፤ እንግዲያስ 2 ያለው ሦስተኛውን ነው።

«ቪሲፒዩ» አለ፤ ለእንግዳው ማሽን ሲፒዩ ነውና። አንድም ለአስተናጋጁ ሲፒዩ አይደለም፣ ትሬድ ነው፤ ክር እንደ ማለት። ታሪክ፦ አቪ ኪቪቲ የሚባል ሰው በእስራኤሉ ኩምራኔት ኩባንያ ሳለ፣ ሊኑክስን የእንግዶች አስተናጋጅ የሚያደርገውን ኬቪኤምን ጻፈ፤ ሥራው እ.ኤ.አ. በ2007 ከሊኑክስ 2.6.20 ጋር ወጣ። ሌላው አስተናጋጅ ዜን የራሱን ሼጁለር ይዞ የመጣ ነው፤ ኬቪኤም ግን የሊኑክስን ሼጁለር፣ በእኛ አነጋገር ተራ አስከባሪውን፣ እንዳለ ተጠቀመ። ስለዚህ እንግዳው «ፕሮሰሰሬ» የሚለው፣ ለሊኑክስ ኪውኢሙ ከሚባለው ፕሮግራም ክሮች አንዱ ነው። ተራ አስከባሪው ከብራውዘር ክር አይለየውም፤ አንሥቶ ወደ 5 ይወስደዋል፣ ከ5 ወደ 1 ይመልሰዋል። እንግዳው መነሣቱን አያውቅም። ቢያውቅም «ቶፕ» ብሎ፣ «ኤስቲ» ከሚለው ፊደል አጠገብ ከጊዜው የተሰረቀውን ሲያይ ነው።

«ፒን» አለ። መቸንከር ነው። አንድም ማሰር ነው፣ በችካል እንደሚታሰር። ለምን ይታሰር ቢሉ፣ ስለ ካሽ፣ በኮሩ አጠገብ ስላለችው ትንሽ ፈጣን ሜሞሪ። ምሳሌ፦ በረንዳ ላይ የተቀመጠ ልብስ ሰፊ አለ። መቀሱ በቀኙ፣ ክሩ በግራው፣ የተለካው ጨርቅ ጉልበቱ ላይ ነው። «ተነሥና ወደዚያኛው መኪና ዙር» ቢሉት መስፋቱን አይረሳም፤ መቀሱን ግን ሲፈልግ ይቆያል። ልብስ ሰፊው ክሩ ነው፣ መኪናው ኮሩ፣ በእጁ ያለው ዕቃ ኤል1 እና ኤል2 ካሽ። ከኤል1 የሚገኝ ነገር በ4 ወይም በ5 የሰዓት ምት ይደርሳል፤ ከዋናው ሜሞሪ የሚመጣው 200ም ከዚያ በላይም ምት ያስጠብቃል። ባለ ሁለት ሶኬት ሰርቨር ከሆነ ደግሞ የወዲያኛው ሶኬት ሜሞሪ ከዚህም ይርቃል። እንግዲህ ክሩን እዚህ አስሮ ሜሞሪውን እዚያ የተወ ሰው፣ ልብስ ሰፊውን ከመኪናው አስሮ ጨርቁን ጎረቤት እንዳስቀመጠ ነው፤ ባያስረው ይሻለው ነበር።

«2» አለ። ኮር ነው ብለው የሚፈቱ አሉ፤ አይደለም። አንድ ኮር ሃይፐርትሬዲንግ ካለው ሁለት ቁጥር ይይዛል፤ እነዚህንም ትሬድ ይሏቸዋል፣ ከላይ ካልነው ክር ግን ሌላ ናቸው። እኔ በዚህች ቁጥር ግማሽ ቀን አቃጥያለሁ። ባለ 4 ኮር፣ ባለ 8 ትሬድ ማሽን ነበረኝ። ለአንዱ እንግዳ 2ንና 3ን፣ ለሁለተኛው 6ንና 7ን ሰጥቼ፣ ድንበር ለየሁ ብዬ ተቀመጥኩ። አንዱ ኮድ ሲኮምፓይል ሌላው ይንፏቀቃል። ዲስኩን ጠረጠርኩ፤ ዲስኩ ደህና ነው። ኔትወርኩን ጠረጠርኩ። ቡና ጠጥቼ ስመለስ ነው በ«ሲስ» ሥር የ2 ቁጥር ሲፒዩን ቶፖሎጂ ገብቼ «ትሬድ ሲብሊንግስ ሊስት» የሚለውን ፋይል ያነበብኩት። በፋይሉ ያለው «2,6» ብቻ ነበር። የ3ም ተከፈተ፦ «3,7»። ሁለቱን እንግዶች ለያየሁ ያልኩት፣ ለካ በሁለት አልጋ አራት ሰው አስተኝቻለሁ።

አንድም ነገሩ የፍጥነት ብቻ አይደለም፣ የምሥጢርም ነው። የአንድ ኮር ሁለቱ ትሬዶች ኤል1ን ይጋራሉ። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2018 ኤል1ቲኤፍ የተባለው የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ጉድለት ሲገለጥ፣ አንዱ እንግዳ በኤል1 የተወውን ሌላው ሊያነብ እንደሚችል ታወቀ። ከዚያ ወዲህ የማይተዋወቁ እንግዶችን በአንድ ኮር ማስተኛት ያስፈራል፤ ሊኑክስም በ5.14፣ እ.ኤ.አ. በ2021፣ የሚተማመኑትን ብቻ በአንድ ኮር ጎን ለጎን የሚያሠራ ኮር ሼጁሊንግ አስገባ።

ጥያቄ፦ 0ን በ2 ካሰርን፣ 2 የ0 ሆነ ማለት ነውን? መልስ፦ አልሆነም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። መስመሯ ያሰረችው ክሩን ነው፤ ከ2 አትውጣ አለችው እንጂ ለሌሎቹ ወደ 2 አትግቡ አላለችም። ላም በማሳ ውስጥ በችካል ብትታሰር የታሰረችው ላሟ ናት፤ የጎረቤት ከብት ገብቶ ሣሩን ቢግጥ ችካሉ አይከለክለውም። እንዲያውም የታሰረችው ተጎጂ ናት። ያልታሰረው ክር 2 ሲጨናነቅ ወደ ባዶው ኮር ይሸሻል፤ የታሰረው ሌላው ኮር ሥራ ፈትቶ እያየ ተራውን ይጠብቃል። አስተናጋጁ ሌሊት ባክአፕ ሲጨምቅ፣ ጨማቂው ፕሮግራም 2 ላይ ቢያርፍ፣ እንግዳው ጠዋት «ታስሬ ዘገየሁ» ይላል። አሳሪው ግን ይፈጥናል ብሎ ነበር ያሰረው።

በጎንደር የትርጓሜ ትምህርት ላይ ቤትና ታች ቤት እንደሚለያዩ፣ በዚህም ሙያ ሁለት ቤት አለ። አንደኛው ቤት ተራ አስከባሪው ካንተ ያውቃል፣ አትሰር ይላል። ሁለተኛው እሰር ይላል። ዌብሳይት ለሚያስተናግድ፣ ቀኑን አብዛኛውን ለሚተኛ ማሽን፣ እኔ የመጀመሪያው ቤት ደቀ መዝሙር ነኝ። ክላውድ የሚያስተዳድረው ኦፕንስታክም ለብዙ ዘመን፣ ሲጫን እንዳለ ከተዉት፣ ለአንድ ሲፒዩ 16 ቪሲፒዩ ድረስ ይፈቅድ ነበር፤ ሁሉ በአንድ ጊዜ አይነቃም ብሎ ነው። የኔትወርክ ፓኬት በዲፒዲኬ ለሚቀባበል፣ ሥራ ኖረም አልኖረም ኮሩን ሳይለቅ «መጣ? መጣ?» እያለ ለሚጠይቅ ማሽን ግን ማሰር ግድ ነው። ድምፅ ለሚቀዳም እንደዚሁ።

«ሲፒዩሴት» አለ። ሴት ያለው ሔዋንን አይደለም፣ በእንግሊዝኛው ስብስብ ማለት ነው። አንዲት ቁጥር ብቻ ተጽፋ ስብስብ መባሉ ምነው ቢሉ፣ መጨመር ይቻላልና፤ «2-5» ቢሉ ከ2 እስከ 5 ነው፣ ገመዱን አርዝሞ እንደ ማሰር። ቁጥር ፊት የቀስት ጫፍ የምትመስለውን ምልክት ቢያደርጉ ደግሞ ያ ቁጥር ይወጣል። የእኔ እንግዳ ዛሬ በ2ና በ6 ታስሯል። አጥሩ ግን በእሱ ፋይል የለም። በሌሎቹ እንግዶች ፋይል «0-7፣ 2ና 6 ሲቀሩ» ተብሎ ተጽፏል፤ ለአስተናጋጁም ሲነሣ በሚያነበው የቡት መስመር «አይሶልሲፒዩስ 2፣6» ተብሎ ተነግሮታል።