ግግ አይደለም፣ ልጄ

ልጄ፣ የልጅሽን ተቅማጥ አይተው «ጥርስ ሊያበቅል ነው፣ ግግ አስወጪለት» የሚሉሽን ጎረቤቶች አትስሚ። ክፉ አስበው አይደለም፤ እነሱም ከእናቶቻቸው የሰሙት ነው። ግግ የሚሉት ገና ያልበቀለ የወተት ጥርስ እንጂ በሽታ አይደለም። ድዱ ባልጸዳ ስለት ሲፈለቀቅ ይደማል፣ ያመረቅዛል፤ ተቅማጡ ግን እንዳለ ይቀጥላል። ጥርስና ተቅማጥ የሚገጣጠሙት ልጁ በዚሁ ዕድሜ መዳህ ስለሚጀምር፣ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ስለሚከትና ከጡት ሌላ ምግብ ስለሚለምድ ነው። ጀርሙ የሚገባው ባልታጠበ እጅ፣ በጡጦና በውሃ ነው።

ሕፃናትን በብዛት ከሚያጠቁት የተቅማጥ ጀርሞች አንዱ ሮታ ቫይረስ ነው። ክትባቱ በአገራችን ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ይሰጣል፤ ሳይቃጠል በቅጠል ይሏል፣ ለሚቀጥለው ልጅሽ በስድስተኛውና በአሥረኛው ሳምንት እንዳያመልጥሽ።

ልጅን የሚገድለው ተቅማጡ ይዞት የሚወጣው ውሃና ጨው ነው። ብዙ እናት «ባጠጣሁት ቁጥር ይብስበታል» እያለች ፈሳሽ ትከለክላለች፤ ከዚህ የከፋ ነገር የለም። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ይባላል፣ ከልጅ ገላ የፈሰሰው ግን ይተካል። ጡቱን አታቋርጪበት፤ አጥሚቱንም እንደ ወትሮው ስጪው።

የፈሰሰውን ውሃና ጨው የሚተካውን ዱቄት፣ ኦ አር ኤሱን፣ ከጤና ኬላ ውሰጂ። ባለ 1 ሊትሩን ፓኬት በሙሉ፣ ፈልቶ በቀዘቀዘ 1 ሊትር ውሃ በጥብጪው። ስኳሩ ጨውንና ውሃን ይዞ በአንጀት ግድግዳ የሚያልፈው ልኩ ሲጠበቅ ነውና፣ «ይጣፍጠው» ብለሽ ስኳር አትጨምሪ፣ «ይብቃቃ» ብለሽም አታቅጥኚው። ከ24 ሰዓት በኋላ የተረፈውን ድፊው። ዕድሜው ከ2 ዓመት በታች ስለሆነ፣ ባስቀመጠው ቁጥር ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር ይጠጣ።

«ሁሉን ያስመልሰዋል» ብለሽኛል። ብርጭቆውን በአንድ ጊዜ ካስጎነጨሽው ያስመልሰዋል። ካስታወከ በኋላ 10 ደቂቃ ጠብቂ፤ ከዚያ ጭንሽ ላይ ቀና አድርገሽ አስቀምጪውና በሻይ ማንኪያ አንድ ጊዜ ስጪው፣ ጥቂት ቆይተሽ ድገሚው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። ክንድሽ ይዝላል፣ ሌሊቱም ይረዝምብሻል፤ ባለቤትሽን ቀስቅሺና ተፈራረቁ።

የዚንክ እንክብሉንም የጤና ባለሙያዋ ባዘዘችው መጠን ስጪው፤ ተቅማጡ ቢቆምም የታዘዘለትን ቀን ጨርሺለት። ተቅማጥ የሚያስቆም መድኃኒት ከሱቅ ገዝተሽ አትስጪው፤ ለልጅ አደገኛ ነው። ያደረ አንቲባዮቲክም እንዲሁ፤ ለቫይረስ አይሠራም።

አሁን ደግሞ ይህን እዪ። ሆዱ ላይ፣ በእምብርቱና በጎኑ መካከል ያለውን ቆዳ በሁለት ጣትሽ ቆንጠጥ አድርገሽ ልቀቂው። ወዲያው ካልተመለሰና ተጣጥፎ ከቆየ ብዙ ውሃ አጥቷል። ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ሲያለቅስ እንባ ካጣ፣ ሽንቱ ከቀነሰ፣ ከደነዘዘ ወይም መጠጣት ካቃተው፣ ሰገራው ላይ ደም ካየሽ፣ ወይም ትውከቱ አረንጓዴ ከሆነ ወደ ጤና ጣቢያ ሩጪ። ትኩሳትና ትውከት አብረው ከመጡም ወባ ወይም ማጅራት ገትር ሊሆን ይችላልና ቤት አታቆዪው።

ከቤተሰቡ አዋቂ ሰውም ሩዝ የታጠበበት ውሃ የመሰለ ተቅማጥ ከያዘው በሐፍረት አትሸፍኑት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፤ ኮሌራ ከሆነ በሰዓታት ውስጥ ሰው ይጥላል፣ ጎረቤትም ያዳርሳል።

ካልኩሽ ምልክቶች አንዱን ካየሽ ሌሊትም ቢሆን እስኪነጋ አትጠብቂ። የበጠበጥሽውን በጠርሙስ ያዢ፣ መዋጥ እስከቻለ ድረስ በመንገድም ማንኪያውን አታቋርጪበት።