«ገባችሁ?» የሚለው ጥያቄ

በአዋሽ ሰባት ኪሎም ሆነ በሰመራ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መስኮት ሥር የሚያልፍ ሰው፣ እንደ ሌላው የሀገራችን ክፍል ሁሉ፣ መምህሩ «ገባችሁ?» ሲል ልጆቹም በአንድ ድምፅ «አዎ፣ ቲቸር!» ሲሉ ይሰማል። ታዲያ ያልገባው ልጅ «አዎ» ሲል ዋሸ ልንለው ይገባልን?

እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ኦስቲን በ1955 እ.ኤ.አ. በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ባሰማቸው ንግግሮች፣ ሰው ሲናገር ነገርን መግለጹ ብቻ ሳይሆን ሥራ መሥራቱ እንደ ሆነ አስረድቶ ነበር፤ በቃሉ ያዛል፣ ይምላል፣ ያስጠነቅቃል። የቃሉ መልክና ሥራው ግን ሁልጊዜ አንድ አይደሉም። «ገባችሁ?» በመልኩ ጥያቄ ነው፤ በሥራው ብዙ ጊዜ «ጨርሻለሁ፤ ልለፍ» ማለት ነው። የልጆቹም «አዎ» የማለፊያ ፈቃድ እንጂ ምስክርነት አይደለም። ስለዚህ ልጁን ሐሰተኛ ማለት ይከብደኛል፤ እውነቱን የጠየቀው የለምና። ጉዳቱ ሌላ ነው፤ አለመረዳቱን የሚገልጥበት ቃል ተወስዶበታል።

የአፋር ሕዝብ ዳጉ የሚባል ባህል አለው። ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ቁጭ ብለው ስለ ዝናቡና ስለ ግጦሹ፣ ስለ ከብቱና ስለ ሰላሙ ወሬ ይለዋወጣሉ። በዚያ ጠያቂው የማያውቀውን ይጠይቃል፤ መላሹም ያየውን ከሰማው ለይቶ ይናገራል፤ ወሬ ማጣመም ያስነውራል። በዚህ ልማድ ያደገ ሕፃን ክፍል ሲገባ ግን መልሱን አስቀድሞ የሚያውቅ ጠያቂ ይገጥመዋል። «ማነው እዚያ የሚያወራው?» ሲባል ተነሥቶ «እኔ ነኝ» ቢል እንደ ደፋር ይቆጠራል፤ የተፈለገው መልስ ዝምታ ነበር። የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃ ትምህርትን በአፍ መፍቻ ቋንቋ ማድረጉ ትልቅ ነገር ነው፤ ይሁንና የይስሙላ ጥያቄ በየትኛውም ቋንቋ ይቻላል።

ትምህርተ ክርስቶስ የምናስተምርም ከዚህ ነጻ አይደለንም። ቅዱስ አውግስጢኖስ በ400 እ.ኤ.አ. ገደማ ለካርታጎው ዲያቆን ለዴዎግራትያስ ሲጽፍ፣ ከእፍረት የተነሣ ዝም የሚለውን ሰሚ በደግ ቃል እንድናደፋፍረው፣ ገብቶት እንደ ሆነም እንድንጠይቀው፣ ቆሞ የደከመውን እንድናስቀምጠው ይመክራል። ልብ በሉ፤ እርሱም ያው «ገባህ?» ነው የሚለው። ነገር ግን እንደ መልሱ ትምህርቱን ይለውጣል፤ ላልገባው ያብራራል፣ ለሚያውቀው ያሳጥራል።

«ክፍሉ ሞልቷል፣ ጊዜም የለም» የሚል መምህር እውነት አለው። እንግዲያስ ጥያቄውን ትቶ «አሁን ወደሚቀጥለው እናልፋለን፤ ያልገባው በዕረፍት ሰዓት ይምጣና ይጠይቀኝ» ይበል፤ በዕረፍቱም ሰዓት በቦታው ይገኝ።