ድምፁን መለየት ይለመዳል

ልጆቼ፣ በየጁቤ፣ በቢቸናና በሞጣ የምትማሩ፣ ገና ወደ ጉርምስና የምትገቡ ልጆች አንድ ጥያቄ ታነሣላችሁ፤ እግዚአብሔር ለእኔ ይናገራል ወይ? ከተናገረስ በምን አውቀዋለሁ? ጥያቄያችሁን «የልጅ ነገር» ብሎ የሚያልፍ ሰው ካለ እናንተ አትለፉት። እየጾመና እየሰገደ፣ በየበዓሉ ነጠላውን አጣፍቶ ደጀ ሰላም እየሳመ፣ ይህን አንድ ቀን እንኳ ሳይጠይቅ የሚያረጅ ሰው ብዙ ነው።

መልሴን አስቀድሜ ልንገራችሁ። እግዚአብሔርን መስማት ይለመዳል። የሚለመደውም ከሚያውቅ ሰው እግር ሥር ተቀምጦ ነው።

ዛሬ ማታ የመጀመሪያውን መጽሐፈ ሳሙኤል ምዕራፍ ሦስትን አንብቡ። ሳሙኤል በቤተ መቅደስ ያደገ ልጅ ነው፤ እናቱ ሐና ተስላ የወለደችው፣ ጡት ሲጥል ወስዳ ለእግዚአብሔር የሰጠችው። የሚተኛው ታቦቱ ባለበት ነው። እንዲህ ያለው ልጅ እንኳ እግዚአብሔር በስሙ ሲጠራው ማን እንደጠራው አላወቀም። ሦስት ጊዜ ተጠራ፣ ሦስቱንም ጊዜ ከመኝታው ተነሥቶ ወደ ካህኑ ወደ ዔሊ ሮጠ። ድምፁ ደርሶታል፤ የማን እንደሆነ ነው የጠፋበት። ያንን ነግሮ፣ ምን ብሎ እንደሚመልስ አስተምሮ ወደ መኝታው የመለሰው ዔሊ ነው። ዔሊ ደግሞ ዓይኑ የደከመ፣ ልጆቹን መግራት ያቃተው ሽማግሌ ነበር። ስለዚህ «የሚመክሩኝ ሰዎች ራሳቸው መች ጎደሎ አጡ» ብላችሁ ምክር አትናቁ። በጎደሎው ሰው አፍ ትክክለኛ ነገር ሊነገራችሁ ይችላል።

ታሪኩን ስትጨርሱ ሁለት ነገር አስተውሉ። ሳሙኤል በመጀመሪያ የሰማው መልእክት የሚያስደስት አልነበረም፤ በሚወደው በዔሊ ቤት ላይ የሚመጣ ፍርድ ነበር። ለመናገር ፈራ፤ ዔሊ አጥብቆ ሲጠይቀው ግን አንድም ሳይደብቅ ነገረው። የምትሰሙት ነገር ሁልጊዜ እናንተ የምትወዱትን ብቻ የሚነግራችሁ ከሆነ ምናልባት የራሳችሁን ምኞት እየሰማችሁ ነው። ሁለተኛው እኔ በጣም የምወደው ነው፤ ያ ልጅ እንዲህ ያለ ሌሊት አሳልፎ ሲነጋ የሠራው ሥራ የእግዚአብሔርን ቤት በሮች መክፈት ነው። የዕለት ሥራውን አልተወም። እግዚአብሔር ተናገረኝ ብሎ ውኃ መቅዳቱን፣ ከብት መጠበቁን፣ የቤት ሥራውን የሚተው ልጅ ከሳሙኤል አልተማረም።

እኛ በምሥራቅ ጎጃም ለዚህ ትምህርት ባዳ አይደለንም። አገራችን በጆሮ የተማረ አገር ነው። ዲማ ጊዮርጊስ፣ ደብረ ወርቅ ማርያም፣ መርጡለ ማርያም ስማቸው የተነሣው በሊቃውንቱ ነው፤ ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁም በልጅነታቸው የቤተ ክህነቱን ትምህርት የቀሰሙት በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ነው። አለቃ አያሌው ታምሩን ደግሞ አስቡ። እዚሁ በምሥራቅ ጎጃም ተወልደው፣ ገና ሕፃን ሳሉ ዓይናቸው ጠፋ። ፊደል ሳያዩ፣ ብራና ሳይገልጡ፣ ሰው ሲያነብላቸውና መምህር ሲናገር እያደመጡ ተማሩ፤ እስከ ሊቃውንት ጉባኤ ሰብሳቢነት ደረሱ፤ በ1999 ዓ.ም. እስኪያርፉም ሲያስተምሩና ሲጽፉ ኖሩ። አንድ ጊዜ የሰሙትን እንደገና ገልጠው ማየት ስለማይችሉ በሰሙበት ሰዓት መያዝ ነበረባቸው። እናንተ ግን «በኋላ አየዋለሁ» እያላችሁ ስንቱን ነገር በስልካችሁ አስቀምጣችሁ ረሳችሁት!

የቅኔ ቤት ያየ ልጅ ካለ የምለው ይገባዋል። ተማሪው ከመምህሩ ከሰማ በኋላ ብቻውን ይወጣል። ከቤተ ክርስቲያኑ ዛፍ ሥር ወይም ከአንድ ጥግ ይቀመጥና ለምዱን ተከናንቦ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ቅኔ ይቆጥራል። ጀማሪው የሚቆጥረው ሁለት ቤት ያላትን ጉባኤ ቃናን ነው፤ እርሷ ስትገራለት ወደ ዘአምላኪየ ያልፋል። ያቺን ሁለት ቤት ይዞ ሲያወጣ ሲያወርድ ይውላል። ከዚያ ተነሥቶ ለመምህሩ ይነግራል። መምህሩ ቤት ያልመታውን፣ ምሥጢሩ የተፋለሰውን ነቅሶ ያርምለታል፤ ካልሆነም «ሂድና ቁጠር» ብሎ ይመልሰዋል። ተማሪው ቀኑን ሙሉ ብቻውን የለፋበትን ለመምህር ሳያሰማ «ቅኔ ቆጠርሁ» አይልም። በጸሎት ጊዜ ወደ ልባችሁ የሚመጣውንም ሐሳብ እንዲሁ አድርጉት፤ ለንስሐ አባታችሁ ንገሩት፣ ይታረም።

የምትሰሙትስ ምኑን ነው? ሰማይ ተከፍቶ ድምፅ እስኪመጣ የምትጠብቁ ከሆነ፣ በየሳምንቱ የሚነበብላችሁ እያመለጣችሁ ነው። በቅዳሴ ከጳውሎስ መልእክት፣ ከሐዋርያት መልእክታት፣ ከግብረ ሐዋርያት ይነበባል፤ ከዚያ ከዳዊት ምስባክ ይሰበካል፣ ወንጌል ይከተላል። ወንጌሉ ከመነበቡ በፊት ዲያቆኑ ሕዝቡ ተነሥቶ እንዲያደምጥ ያዛል። እግዚአብሔር ለየጁቤ ልጅ የሚናገርበት ሰዓት ይህ ነው። ያን ሰዓት ከወዳጃችሁ ጋር በሹክሹክታ ታሳልፉታላችሁ ወይስ ከምንባቡ አንዲት ቃል ይዛችሁ ትወጣላችሁ? ግዕዙ ካልገባችሁ ከቅዳሴ በኋላ ዲያቆኑን «ዛሬ የተነበበው ወንጌል የት ላይ ነው?» በሉት፤ ቤት ገብታችሁ በአማርኛ አንብቡት።

አሁን አጥብቄ ወደምነግራችሁ ነገር ልምጣ። በእግዚአብሔር ስም የሚነገር ሁሉ ከእግዚአብሔር አይደለም። በስልክ መስኮት ብቅ ብሎ «ትንቢት አለኝ፣ ገንዘብ ላኩ» የሚል ሰው አለ። ሕልም ያየ ሁሉ ሕልሙን እንደ ወንጌል እንዲያዩለት ይሻል። ሴት ልጆቼ በተለይ ስሙኝ፤ «ዕድልሽ ነው፣ የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» ተብላችሁ ከክፍል ወጥታችሁ እንድትዳሩ የሚያባብላችሁ ቢኖር፣ በሕጋችን የጋብቻ ዕድሜ 18 ዓመት መሆኑን እወቁ። ለመምህራችሁ፣ ለንስሐ አባታችሁ፣ ለምታምኑት ዘመድ ቶሎ ተናገሩ። ራሳችሁን ወይም ሌላ ሰው ጉዱ የሚል ድምፅ ወይም ሐሳብ ቢመጣባችሁም፣ በሌሊትም ቢሆን እናት አባታችሁን ቀስቅሱ እንጂ ብቻችሁን አትያዙት፤ ከጠበሉና ከጸሎቱ ጋር ሐኪም ዘንድ መሄድም ነውር የለውም። የእግዚአብሔር ድምፅ ኃጢአትን ሲወቅስ እንኳ ወደ ንስሐ የሚያስገባ በር ከፍቶ ይወቅሳል። «ከእንግዲህ አንተ አትረባም» ብሎ ዘግቶ የሚሄድ ድምፅ የእርሱ አይደለም።

ጌታችን ዐሥራ ሁለት ዓመት ሲሆነው በቤተ መቅደስ በመምህራን መካከል ተቀምጦ ሲያደምጣቸውና ሲጠይቃቸው መገኘቱን ሉቃስ በምዕራፍ ሁለት ጽፏል። የዕድሜ እኩያችሁ ነበር። እርሱ ከጠየቀ እናንተም ጠይቁ፤ ጥያቄያችሁን እንደ ድፍረት የሚቆጥር መምህር ቢገጥማችሁ ወደ ሌላው ሂዱ። ከዚያ በኋላ ያለውን ግን አትዝለሉት፤ ወደ ናዝሬት ወርዶ ለእናቱና ለዮሴፍ እየታዘዘ ኖረ። እናቷ ሦስት ጊዜ ጠርታት «ቆይ» የምትል ልጅ፣ ማታ ለጸሎት ስትቆም ጆሮዋ ድንገት አይከፈትም። ጆሮ ቤት ውስጥ ይሠለጥናል።

ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልላችን በተነሣው ጦርነት ትምህርት ቤት የተዘጋባችሁ፣ ዘመድ የሞተባችሁ ልጆች ጥያቄያችሁ ሌላ መሆኑን አውቃለሁ፤ «እግዚአብሔር ለምን ዝም ይላል?» ትላላችሁ። ይህን ስትጠይቁ ከእምነት የወጣችሁ እንዳይመስላችሁ። የዳዊት መዝሙር 150 ነው፤ ከዚያ ውስጥ ብዙ ልቅሶና አቤቱታ አለ፤ ለምን ረሳኸኝ፣ እስከ መቼ የሚል። ቤተ ክርስቲያን ያንን አቤቱታ ከጸሎት መጽሐፏ አላወጣችውም፤ ሌሊትና ቀን ትደግመዋለች። እናንተም ምሬታችሁን አምጡት። እኔ ለእናንተ ጦርነቱ ለምን እንደሆነ የማስረዳበት ቃል የለኝም፤ ከሚያዝኑት ጋር እንድትቀመጡ፣ የተራበውን ጎረቤት እንድታዩ እግዚአብሔር እንደሚፈልግ ግን ወንጌሉን ያነበበ ሁሉ ያውቃል። እርሱን ለመፈጸም ሌላ ድምፅ አትጠብቁ።

እንግዲህ ጀምሩ። ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ስልኩን ከመኝታችሁ አርቁ። አማትቡ፣ አባታችን ሆይ በሉ፣ የዕለቱን ውዳሴ ማርያም አድርሱ። ከወንጌል ጥቂት ቁጥር በዝግታ አንብቡና ቃል ሳትጨምሩ ትንሽ ቆዩ። መጀመሪያ ሐሳባችሁ ወደ ኳሱ፣ ወደ ፈተናው፣ ወደ ተጣላችሁት ልጅ ይሮጣል፤ አትደንግጡ፣ መልሱት። የተጣላችሁት ልጅ ደጋግሞ ከመጣባችሁ ግን ዝም ብላችሁ አትመልሱት፤ ምናልባት የተነገራችሁ እርሱ ነው፤ ጠዋት ሄዳችሁ ታረቁ። ልባችሁን የነካውን ቃል በደብተራችሁ ጫፍ ጻፉ። ከብት ስትጠብቁ፣ ውኃ ስትቀዱ፣ ወደ ትምህርት ቤት ስትሄዱ ያንኑ ቃል አመላልሱት።

የጻፋችሁትን ይዛችሁ ንስሐ አባታችሁ ዘንድ ሂዱ። የንስሐ አባት የሌላችሁ፣ በመጪው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አንዱን ቄስ ጠብቃችሁ «አባ፣ ንስሐ አባት ይሁኑኝ» በሏቸው። ካፈራችሁ እናታችሁ ታቅርባችሁ።