የሄንቻርድ መሐላ

ቶማስ ሃርዲ እ.ኤ.አ. በ1886 ያሳተመው «የካስተርብሪጅ ከንቲባ» የሚከፈተው በሚስት ሽያጭ ነው። ማይክል ሄንቻርድ የተባለ የ21 ዓመት ድርቆሽ አሳሪ ሥራ ፍለጋ ሲዞር ከአንድ የባላገር ገበያ ይደርሳል። በአንዲት ሴት ድንኳን ሩም የተቀላቀለበት የስንዴ አጥሚት ይደጋግማል፤ ሞቅ ሲለው ሚስቱን ሱዛንን ለጨረታ ያቀርባታል። ኒውሰን የተባለ መርከበኛ በአምስት ጊኒ ገዝቷት ከነሕፃን ልጇ ይዟት ይሄዳል። ሲነጋ ሄንቻርድ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ፣ በኖረበት ዕድሜ ልክ ለ21 ዓመት መጠጥ በአፉ እንዳይዞር ይምላል።

አንባቢ እዚህ ላይ ጥፋተኛውን ያገኘ ይመስለዋል። ግን ሰውዬው መሐላውን ጠብቋል። በካስተርብሪጅ የእህል ነጋዴና ከንቲባ ሆነ፤ ኋላም ንግዱንና ወዳጁን ያጣው አንዲት ጠብታ ሳይቀምስ ነው። የሄንቻርድ ጉድለት ደሙ ሲፈላ መወሰኑ፣ የወሰነውንም ሳያሳድር መፈጸሙ ነው። መሐላው ራሱ የዚያው ጠባይ ልጅ ነበር።

ደግነቱም ከዚያው ይፈልቃል። ወደ አሜሪካ ለመሄድ ከተማዋን ሲያቋርጥ የነበረው ስኮትላንዳዊ ዶናልድ ፋርፍሬ የበቀለ ስንዴ እንዴት እንደሚታከም በነጻ ቢያሳየው ወዲያው ወደደው፤ ለምኖ አስቀርቶ ሥራ አስኪያጅ አደረገው፤ የቤቱን ምስጢር ሁሉ አጫወተው። ከዚያ ሕዝቡ ወጣቱን አብልጦ መውደድ ጀመረ። ቅናት የያዘው ሄንቻርድ በአንድ ምሽት «ጊዜህ አብቅቷል» አለው። በማግስቱ ቆጨው፤ ፋርፍሬ ግን ቃሉን እንደ ቃል ወስዶ የራሱን ንግድ ከፈተ።

ተፎካካሪውን ሊያጠፋ የተነሣበት መንገድ ከመጽሐፉ ሁሉ ይገርመኛል። ያን ጊዜ እንግሊዝ በውጭ እህል ላይ ቀረጥ ትጥል ስለነበር (ሕጉ የተሻረው እ.ኤ.አ. በ1846 ነው) ዋጋው የሚንጠለጠለው በአገሩ መኸር ላይ ነበር። ሄንቻርድ በጨለማ የአየር ጠባይ ወደሚተነብይ ጠንቋይ ሄደ። «መኸሩ ዝናብና ማዕበል ነው» ተባለ። እህል በውድ ገዝቶ አከማቸ። ፀሐይ ወጣች፤ ዋጋ ወደቀ፤ ደንግጦ በኪሳራ ሸጠ። አጨዳው ገና እንደተጀመረ ግን ሰማዩ ዞረ። ጠንቋዩ አልዋሸም! ሄንቻርድ ግን እንኳን የተቀናቃኙን፣ የገዛ ጠንቋዩንም ቃል እስከ መጨረሻው መጠበቅ አልቻለም።

ሲከስር አበዳሪዎቹ የወርቅ ሰዓቱን ትተውለት ነበር። ወዲያው ሸጦ ገንዘቡን ለአንድ ድሃ አበዳሪው ወስዶ ሰጠ። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ እንዲህ ባላሳዘነን።

በመጨረሻ የቀረችው እንደ ልጁ የሚያያት የሱዛን ልጅ ኤልሳቤጥ-ጄን ናት። የራሱ ልጅ በሕፃንነቷ ሞታ ይህችኛዋ ከኒውሰን የተወለደች መሆኗን ያውቃል፤ እሷ ግን አታውቅም። መርከበኛው ልጁን ፍለጋ በሩ ላይ ሲቆም ሄንቻርድ «ሞታለች» አለው። አስቦበት አልነበረም፤ ከአፉ አመለጠው። ኒውሰን አምኖ ሄደ፤ በኋላ ግን እውነቱ ወጣ። ሄንቻርድ ከተማውን ለቆ ተሰደደ። በሠርጓ ቀን በሽቦ ጎጆ ያለች ወፍ ስጦታ ይዞ መጣ፤ ስትወቅሰው አንድም ቃል ሳይከራከር ተመለሰ።

በወና ጎጆ ሲሞት ያስታመመው ኤብል ዊትል ነው፤ ድሮ ሥራ ስላረፈደ ሱሪ ሳይለብስ ወደ ሥራ የነዳው ምስኪን ሠራተኛ። ሄንቻርድ ለእናቱ ከሰል ይልክላት ስለነበር ዊትል ውለታውን አልረሳም። ኑዛዜው ሞቱ ለኤልሳቤጥ-ጄን እንዳይነገራት፣ ማንም እንዳያስታውሰው ያዝዛል። እሷ ግን ልትታረቀው ስትፈልገው ቆይታ የደረሰችው ከሞተ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ ነበር። ይቅርታ ታደርግልኝ እንደሆነ ብሎ አልጠየቃትም፤ እንደ ልማዱ ብቻውን ፈረደ፤ እሷም ፍርዱን ከማክበር በቀር ምርጫ አልነበራትም።