«ሊኮመጥጥብኝ ነው፣ ገላግሉኝ»

ሰው ያለውን የሚያካፍለው ደግ ስለሆነ ነው ወይስ ማስቀመጥ ስለማይችል? ጥያቄው የፍልስፍና መምህራን ለፈተና የሚያወጡት ዓይነት ይመስላል። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ግን ጠላ በሚጠመቅበት ግቢ ሁሉ ያለ ጥያቄ ነው፤ ማንም አያነሣውም እንጂ።

ጠላ ሲጠመቅ ያየ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ጋኑ በግራዋ ታጥቦ በወይራ ጭስ ይታጠናል። ጌሾው ተወቅጦ በውኃ ይጠነሰሳል፤ ብቅሉ ይከተላል፤ ቂጣው ተቆርሶ፣ እንኩሮው ተዘጋጅቶ ይገባና ይደፈደፋል። በመጨረሻም ውኃው ተሞልቶ የጋኑ አፍ ይከደንና ዙሪያው በጭቃ ይመረጋል። እንዲህ እንዲህ ሲባል አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት ያልፋል። እንደታሸገ ከቆየ ጠላው ደህና ነው። ክዳኑ የተነሣ ዕለት ግን ነገሩ ይለወጣል፤ አየር ሲገባ አልኮሉን ወደ ኮምጣጤ የሚለውጡ ጥቃቅን ሕዋሳት ሥራቸውን ይጀምራሉ፤ ያ ሁሉ ድካም በጥቂት ቀናት ውስጥ ፊት የሚያጨማድድ ኮምጣጣ ይሆናል። እርግጥ ብርድ ያዘገየዋል። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለች፣ የጮቄ ነፋስ የማይለያት ከተማ በመሆኗ በጨለማው የቤት ጥግ ማቶቱ ላይ የተቀመጠ ጋን፣ ዓባይ በረሃ ቢወርድ ከሚቆየው በላይ ይቆያል። ቢሆንም የደጋ ብርድ የሚጨምረው ቀን ነው፤ ወር አይደለም።

እንግዲህ ጋን የከፈተች ባለቤት ምርጫዋ ጠባብ ነበር። አንድ ቤተሰብ ብቻውን የማይጨርሰውን ያን ሁሉ ጠላ ወይ ትጠራበታለች ወይ ትደፋዋለች። ስለዚህ ጋን የሚከፈተው ሰው በሚሰበሰብበት ቀን ነው፤ ለማኅበር፣ ለሰንበቴ፣ ለተዝካር፣ ለሠርግ፣ ለደቦ። ከዚያ የተረፈውን ደግሞ ጎረቤት ይጠራበታል። የምንመካበት የጠላ እንግዳ ተቀባይነት እግሩ የቆመው እዚህ ላይ ነው፤ ጠላው እንዳይበላሽ በመሥጋት ላይ።

አማኑኤል ካንት እ.ኤ.አ. በ1785 ባሳተመው የሥነ ምግባር መጽሐፉ አንድ ባለሱቅ ያነሣል። ይህ ባለሱቅ ምንም ለማያውቅ ሕፃን እንኳ በትክክለኛው ዋጋ ይሸጣል፤ አያታልልም። የማያታልለው ግን ደንበኛ እንዳይሸሸው ብሎ ከሆነ፣ አድራጎቱ ትክክል ቢሆንም የሥነ ምግባር ዋጋ የለውም ይላል ፈላስፋው። በዚህ ሚዛን ከተመዘነች የጎጃም ባለጋን ጉዷ ፈላ! ጎረቤቷን የጠራችው ለጠላዋ አዝና ነዋ። አርስቶትል ቢጠየቅ ኖሮ የሚራራላት ይመስለኛል። በእሱ ትምህርት ሰው ለጋስ የሚሆነው ደጋግሞ በመስጠት ነው፤ መጀመሪያ እጅ ይለምዳል፤ ልብ ይከተላል። ለ40 ዓመት ጋን በከፈተች ቁጥር ጎረቤት ስትጠራ የኖረች ሴት እጇ ለምዷል፤ ምክንያቱ ቢጠፋ እንኳ መስጠቷን አትተውም።

ምክንያቱ ደግሞ እየጠፋ ነው። ዛሬ ጠላ በጀሪካን፣ በውኃ ፕላስቲክ እየተሞላ ፍሪጅ ውስጥ ይገባል። ይህ መሣሪያ ከጠጪዎች ዓለም የመጣ መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም። በጀርመን አገር ባቫሪያ በሙቀቱ ወራት የተጠመቀ ቢራ እየተበላሸ ስላስቸገረ፣ እ.ኤ.አ. በ1553 በወጣ አዋጅ ጠመቃ የሚፈቀደው በእነሱ አቆጣጠር ከሴፕቴምበር 29 የቅዱስ ሚካኤል በዓል እስከ ኤፕሪል 23 የቅዱስ ጊዮርጊስ በዓል ብቻ ሆነ። (የእኛው የመጀመሪያ የቢራ ፋብሪካ በ1915 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሲቋቋም በዚሁ ቅዱስ ስም መጠራቱ እንዲያው አጋጣሚ ነው።) ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹ፣ ካርል ፎን ሊንደ የተባለው መሐንዲስ የማቀዝቀዣ መኪናውን ሠርቶ የሞከረው ሙኒክ ከተማ በሚገኘው የሽፓተን ቢራ ፋብሪካ ነው። ዛሬ በየቤታችን የሚያጉረመርመው ሣጥን የዚያ መኪና የልጅ ልጅ መሆኑ ነው።

የቅዝቃዜን ነገር እስከ ጥግ የወሰዱት ደግሞ በባለሸራ ጀልባ ወራትን በባሕር ላይ የሚያሳልፉ ፈረንጆች ይመስሉኛል። ከመካከላቸው ራሳቸው የጠመቁትን ቢራ በብረት በርሜል ሞልተው የሚጓዙ አሉ። በጥንቱ ዘመን የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ለእያንዳንዱ መርከበኛ በቀን 1 ጋሎን፣ ማለትም 4 ሊትር ተኩል ያህል፣ ቢራ ያድል ነበር፤ ጉዞው ሲረዝምና ሙቀቱ ሲበረታ ግን ቢራው እየኮመጠጠ አስቸገረ። የዛሬዎቹ መላ አግኝተውለታል። ከበርሜሉ የሚቀዳው በካርቦን ዳይኦክሳይድ እየተገፋ ስለሆነ ዛሬ አንድ ብርጭቆ፣ ከሳምንት በኋላ ሌላ ብርጭቆ ቢቀዳም አየር አይገባውም። የቀራቸው ጣጣ ብርድ ነው። መብራታቸው ከባትሪ፣ ባትሪያቸውም ከፀሐይ ወይም ከሞተር የሚሞላ በመሆኑ ፍሪጁ የጀልባውን ኃይል ከሚጨርሱት ዋነኞች አንዱ ነው። በርሜልና ጋን የሚለያዩበትን ልብ በሉ። ጋን አንዴ ይከፈታል፤ በርሜል ግን ይቀዳል እንጂ አይከፈትም። እነዚያ ሰዎች ቢራቸውን ቢቆጥቡ አይፈረድባቸውም፤ ውቅያኖስ መካከል በአጥር በኩል የሚጠሩት ሰው የላቸውም። የእኛ ቤት ግን መሬት ላይ ነው፤ አጥሩም እዚያው አለ።

ካንትም ሆነ አርስቶትል የሚመረምሩት የሰጪውን ልብ ነው። ስለ ተቀባዩ እንዳስብ ያደረገችኝ ከአከራዬ ግቢ ጀርባ የምትኖር፣ ጥጥ እየፈተለች ልጆቿን የምታሳድግ ሴት ናት። ድሮ አከራዬ ጋን በከፈቱ በሦስተኛው በአራተኛው ቀን በአጥሩ በኩል ይጣራሉ፤ «ነይማ! ሊኮመጥጥብኝ ነው፣ ገላግሉኝ!» ሴትዮዋ ነጠላዋን ጣል አድርጋ ትመጣለች። ሁለት ሦስት ጣሳ ትጠጣለች፤ ለልጆቿም ቅራሪ ትይዛለች። ስትሄድ የሚያመሰግኑት አከራዬ ነበሩ፤ «ደግ አደረግሽ፣ ገላገልሽኝ» እያሉ። አሁን ልጃቸው ፍሪጅ ገዝቶላቸዋል። ደግነታቸው አልቀነሰም፤ እንዲያውም «ነይ ቀዝቃዛ ጠላ ቅመሽ» እያሉ ከበፊቱ አዘውትረው ይጣራሉ። ሴትዮዋ ግን «አሁን ጠጥቼ መምጣቴ ነው እትዬ» ማለት አበዛች። ስትመጣም ባዶ እጇን አትመጣም፤ ሁለት እንቁላል ወይም ጥቂት ሎሚ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ነው።

ምን ተለወጠ? የሚበላሸውን ጠላ የጠጣች ጊዜ ውለታ ዋለች እንጂ ውለታ አልገባችም። የማይበላሸውን ስትጠጣ ግን ዕዳ አለባት። ነገ ሊጠጣ የሚችለውን፣ ወር ሊቀመጥ የሚችለውን ነው የጠጣችው። መኮምጠጡ ድሃውን ከምስጋና ዕዳ የሚጋርድ መጋረጃ ኖሯል፤ ፍሪጁ መጋረጃውን ገልጦ አንዷን ሰጪ፣ አንዷን ለማኝ አድርጎ ፊት ለፊት አስቀመጣቸው። ካንት የሚፈልገው ንጹሕ ስጦታ ይኸው መጣ፤ በበኩሌ ለተቀባዩ ከበደው እላለሁ።

ይህን ስል ፍሪጅን የማወግዝ እንዳይመስልባችሁ። በየጠላ ቤቱ ደጅ እንጨት ላይ ጣሳ ደፍታ ሰካራም ስትታገሥ የምትውል ሴት ለኔ ጨዋታ የሚሆነኝ መኮምጠጥ ለእሷ የልጆቿ እራት ነው። ጠጪ በጠፋበት ሳምንት የሚደፋው ጋን የጌሾዋ፣ የብቅሏ፣ የማገዶዋ ዋጋ ነው። ጠላዋ አሥር ቀን ቢቆይላት አንድ ሰው አይከፋም፤ ከጣዕሙ በቀር። (አንድ የሰፈራችን ሽማግሌ ፍሪጅ የገባ ጠላ ሲቀዳላቸው ጣሳውን ፀሐይ ላይ አስቀምጠው ይጠብቃሉ፤ ብርድ የወይራውን ጭስ ይደብቀዋል ባይ ናቸው። እውነታቸውን ነው፤ ብርድ ምላስን ያደነዝዛል።) ቸርነት እንዲኖር ብሎ የሰው ጠላ ይኮምጥጥ የሚል ሰው ካለ ቀድሞ የራሱን ጋን ይክፈት።

ስለዚህ መበላሸት ይሰጠን የነበረውን ሰበብ ወደፊት የምናገኘው ከየት ነው? መልስ የለኝም። ያየሁትን ግን ልንገራችሁ። ባለፈው ክረምት ሰፈራችን ሁለት ቀን ሙሉ መብራት ጠፋ። ፍሪጁ ዝም አለ፤ ጠላው ሞቀ፤ የፕላስቲኮቹም ሆድ ይነፋ ጀመር። አከራዬ አጥሩ ጋ ቆመው ያን የጥንት ጥሪያቸውን ለቀቁት፤ «ኧረ ነይ! ሊበላሽብኝ ነው፣ ገላግሉኝ!» ሴትዮዋ መጣች፤ እጇም ባዶ ነበር። ልጆቿም ተከትለዋት መጡ፤ ማዶ ያሉት ባልና ሚስትም ተጠሩ፤ ግቢው እስኪመሽ ሲስቅ አመሸ።

መብራቱ የመጣው በሦስተኛው ቀን ማለዳ ነው። እኔ ክፍል አምፖሉ በርቶ ነበር። አከራዬ ግን እስከ ማታ ድረስ «ይኼ ፍሪጅ አልሠራ አለኝ እኮ» እያሉ ይቀዱ ነበር።