አዲስ ወጥና የእንግዳ አደራ

ሰው ከእንስሳ ከሚለይባቸው ነገሮች አንዱ ምግቡን በእሳት አብስሎ መብላቱ ነው ይባላል። ነገር ግን አብስሎ ከመብላቱ ይልቅ፥ ያበሰለውን ለማያውቀው እንግዳ ማቅረቡ የበለጠ የሚለየው ይመስለኛል። ባለሙያዋ ድስቷን ጥዳ ያልተለመደ ነገር በጨመረችበት ጊዜ ሁለት ጥያቄ ይነሣል። አንደኛው የጣዕም ነው፤ እርሱን ምላስ ይፈርደዋል። ሁለተኛው ግን የኅሊና ነው፤ ይኸውም የበዓል ምግብ እስከ ምን ድረስ ቢለወጥ ነው የበላተኛውን እምነት የሚያጎድለው? የሚል ነው።

አዲስ ነገር ሁሉ ልማድን ያፈርሳል የሚሉ ሰዎች አሉ። እነዚህ ሰዎች የፋሲካውን ዶሮ ወጥ ልብ ብለው ቢመረምሩት መልካም ነው። ዶሮዋ በ12 ብልት ተገንጥላ፥ ሽንኩርቱ በዝግታ ተቁላልቶ፥ በርበሬው ገብቶ፥ ከ55 ቀን ጾም በኋላ በሌሊት ሲቀርብ፥ ከጥንት ጀምሮ አንዳች ሳይለወጥ የመጣ ይመስላል። ይሁን እንጂ በርበሬ የትውልድ አገሩ አሜሪካ ነው፤ ኮሎምቦስ በ1492 እ.ኤ.አ. ውቅያኖሱን ከመሻገሩ በፊት ወደ ኢትዮጵያ ድስት የሚገባበት መንገድ አልነበረውም። ኮረሪማና ጥምዝ ግን የአገሩ ደን ፍሬዎች ናቸው። እንግዲህ በርበሬን ከወጥ ውስጥ መጀመሪያ የጨመረችው ሴት፥ ስሟ ባይታወቅም፥ በዘመኗ ያልተሰማ ነገር የሠራች ደፋር ነበረች። ጎረቤቶቿ በዚያን ቀን ምን እንዳሉ ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር።

በቆሎም እንዲሁ ከባሕር ማዶ የመጣ እህል ነው። ሕዝቡ ባሕር ማሽላ ብሎ በጠራው ጊዜ ግን እንግድነቱን በስሙ ላይ ጻፈበት። በዚህ አጠራር ውስጥ ያለው ቅንነት ቀላል አይደለም፤ አዲሱን ነገር ተቀብሎ አዲስነቱን አለመደበቅ ነውና።

የሽምብራ ዓሣም ከዚህ ወገን ነው። በጾም ወራት የሽምብራ ዱቄት በዘይትና በውሃ ይታሽና በዓሣ መልክ ተቀርጾ ይጠበሳል፤ ከዚያም በቅመም ከበሰለው መረቅ ውስጥ ይገባል። ጾም የፈቃድ መግቻ ከሆነ፥ ዓሣን አስመስሎ መብላት ምኞትን ማታለል አይደለምን? ብሎ የሚከራከር ይኖራል። ክርክሩ ከንቱ ነው አልልም። ነገር ግን በዚህ ማዕድ ላይ የተታለለ ሰው የለም። ስሙ ሽምብራ መሆኑን አስቀድሞ ይናገራል፤ በላተኛውም ያውቃል፤ ምኞቱን ከመርሳት ይልቅ በጨዋታ ማሳለፍን መርጧል።

የዚህ ተቃራኒ የሚሆነው በጾም ሽሮ ላይ፥ እንዲጣፍጥ ተብሎ በስውር የምትጨመረው አንዲት ማንኪያ ቅቤ ናት። አብሳዩ ክፋት የለበትም፤ እንግዳውን ሊያስደስት ነው። እንግዳውም ጣቱን እየላሰ አመስግኖ ይሄዳል። ታዲያ ካላወቀ ምን ተጎዳ? ይህ ጥያቄ ከሁሉ የከበደው ነው፤ የሚታይ ጉዳት የለምና። የኔ መልስ ግን ይህ ነው፦ እንግዳው ጉርሻ ሲቀበል ዐይኑን ከእንጀራው ላይ አንሥቶ አፉን የሚከፍተው በአጉራሹ ተማምኖ ነው። የገዛ ራሱን መጠበቅ ለዚያች ቅጽበት ለሌላ ሰው አስረክቧል። ያንን አደራ የተቀበለ ሰው በእንግዳው ፈንታ ሲወስን፥ የእንግዳውን ኅሊና ከእጁ ወስዶበታል፤ መወሰዱን አለማወቁ ደግሞ ነገሩን ያብሰዋል እንጂ አያቀለውም። በቀድሞው ዘመን ጠጅ አሳላፊው ከመቅዳቱ አስቀድሞ በመዳፉ አፍስሶ ይቀምስ የነበረው፥ አደራውን በተናገረ ሳይሆን በሠራ ለማሳየት ነበር።

በዓውደ ዓመት ገበያ ቅቤን ከሙዝ፥ በርበሬን ከጡብ ዱቄት የሚደባልቀው ነጋዴ ከዚህ የባሰ መሆኑ ግልጽ ስለ ሆነ በእርሱ ላይ ብዙ አልናገርም። እርሱን ዳኛ ያገኘዋል። እኔን የሚያሳስበኝ ዳኛ የማያገኘው ደግ አብሳይ ነው።

ሙስሊምና ክርስቲያን ጎረቤታሞች ይህን ነገር ከብዙ ዘመን ጀምሮ ያውቁታል። አንዱ የሌላውን የባረከውን ሥጋ ስለማይበላ፥ ደጋሹ በጉን በሕይወቱ ለጎረቤቱ ይሰጠዋል፤ ጎረቤቱም በራሱ ሥርዓት አርዶ በራሱ ድስት ያበስለዋል። እንዲህ ሲሆን ድስቱ ሁለት፥ ደስታው ግን አንድ ነው። ሁሉን በአንድ ድስት ቀላቅሎ ዝም ማለት ለደጋሹ ይቀልለው ነበር፤ ድካሙን የመረጠው ግን ጎረቤቱን ሳያሳፍር ከደስታው ሊያካፍለው ነው።

በስደት አገር የሚኖሩ ወገኖቻችንም በዚሁ ጥያቄ ተፈትነዋል። ጤፍ ሲጠፋ ወይም ሲወደድ፥ ከስንዴ፥ ከገብስና ከሩዝ ዱቄት እንጀራ ጋግረው የገናን በዓል አክብረዋል፤ በ2006 እ.ኤ.አ. የጤፍ እህል ወደ ውጭ እንዳይላክ በተከለከለ ጊዜም ድብልቁ አልቀረም። ይህ ሥራ ምስጋና እንጂ ነቀፋ አይገባውም። ነገር ግን ጤፍ ግሉተን የሌለበት እህል ነው፤ ስንዴ ግን አለበት፤ ሴሊያክ የሚባለው ሕመም ያለበት እንግዳ ጤፍ ነው ብሎ የስንዴውን ድብልቅ ቢበላ አንጀቱ ይጎዳል። እዚህ ላይ ዝምታ ከኅሊና አልፎ አካል ይነካል። አስተናጋጂቱ «ስንዴ አለበት» ብትል ከበዓሉ ምን ይቀንሳል? ምናልባት ጥቂት ኩራት።

ይህን ስል ባለሙያ ሁሉ የእጇን ምስጢር ዘርግታ ታስነብብ ማለቴ አይደለም። ኮረሪማው ስንት ፍሬ እንደ ሆነ፥ ሽንኩርቱ ስንት ሰዓት እንደ ተቁላላ፥ ቅመሙ በየትኛው ቅጽበት እንደ ገባ፥ ከልጇ በቀር ለማንም ባትነግር መብቷ ነው፤ እንዲያውም ስትጠየቅ ፈገግ ብላ ነገሩን ማዞሯ ከበዓል ጨዋታዎች አንዱ ነው። «ቅቤ አለበት ወይ?» ተብላ ስትጠየቅ ግን ፈገግታ መልስ ሊሆን አይችልም።