ሥዕል ይመርቃልን?

ባለፈው የበዓል ሰሞን ከጓደኞቼ ጋር ወደ አንድ ባዛር ገብቼ ነበር። የሄድነው ጫማ ለመግዛት ነው፤ ዳሩ ግን ብዙ ሰዓት ቆመን የቀረነው ሽቶ ከሚሸጥበት ድንኳን ፊት ነው። ከሻጩ ጠረጴዛ በላይ አንዲት የሽቶ ጠርሙስ በአየር ላይ ተንሳፍፋ ትሽከረከራለች። የሚያንጠለጥላት ክር የለም፤ የሚደግፋት መደርደሪያ የለም። ክዳኗ ይነሣል፤ ጢስ የመሰለ ነገር ይወጣል፤ ከዚያም ጠርሙሷ ተበትና አበባ ትሆናለች። ሕፃናት እጃቸውን ዘርግተው ሊይዟት ይሞክሩ ነበር። እኛም ትልልቆቹ እጃችንን ያልዘረጋነው አፍረን እንጂ ሳንፈልግ ቀርተን አይደለም።

ሻጩ ቀና ሰው ነበርና ማሽኑን አጥፍቶ አሳየን። ለካስ ጠርሙስም አበባም የለም። ያለው በክንፎቹ ላይ ጥቃቅን የኤልኢዲ መብራቶች የተደረደሩበት ማራገቢያ ነው። ክንፎቹ በታላቅ ፍጥነት ሲዞሩ እያንዳንዱ መብራት በደረሰበት ቦታ የሚገባውን ቀለም ያበራል፤ ዓይናችንም ያየውን ብርሃን ወዲያው ስለማይለቅ የተበታተኑትን ነጥቦች አጋጥሞ አንድ ሥዕል ያደርጋቸዋል። ክንፎቹ ራሳቸው ከፍጥነታቸው የተነሣ ስለማይታዩ ሥዕሉ በባዶ አየር ላይ የቆመ ይመስላል። በእንቁጣጣሽ ዋዜማ የሚነድ ችቦ በጨለማ ያሽከረከረ ልጅ ሁሉ ይህን ያውቀዋል፤ የእሳት ቀለበት ይታያል እንጂ ቀለበት የለም። እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። ምስጢሩ ከተገለጠልን በኋላ ማሽኑ እንደገና ሲበራ፣ ሕፃናቱ ልክ እንደ በፊቱ በደስታ ጮኹ። እንግዲያውስ መደነቅና መታለል አንድ አይደሉም ማለት ነው።

ይህችን ሐሳብ ይዤ ወደ ቤቴ ስመለስ ነገሩ ያበቃ መስሎኝ ነበር። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ግን በሌላ መንገድ መጣብኝ።

የአንድ ጓደኛዬ ታላቅ ወንድም ሊያገባ ነው። አባታቸው ካረፉ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። ሠርጉን በቪዲዮ እንዲያነሣ የተዋዋለው ሰው ለቤተሰቡ አንድ ሐሳብ አቀረበ፤ ይኸውም ፎቶግራፎቻቸውና በስልክ የተቀረጸ ድምፃቸው ከተሰጠው፣ አባትየው በአዳራሹ ትልቅ ስክሪን ላይ በቁመታቸው ልክ ብቅ ብለው ሙሽሮቹን እንዲመርቁ ማድረግ እችላለሁ አለ። የተገኘው ድምፅ አንድ ደቂቃ እንኳ የማይሞላ ነው፤ አንድ ሰው የግቢውን በር ሳይዘጋ በመሄዱ ሲቆጡ የተቀረጸ ነው። ይበቃል ተባለ። ፊቱ የእርሳቸው፣ ድምፁ የእርሳቸው፤ የጎደለው የሚናገሩት ቃል ብቻ ነው። ቃሉን እንድጽፍ የተጠየቅሁት እኔ ነኝ፤ «አንተ ትጽፍ የለም እንዴ?» ተብዬ።

እሺ አልሁ። ደስም አለኝ፤ ይህን መደበቅ አይገባኝም። በአንድ ምሽት ግማሽ ገጽ ያህል ጻፍሁ። «ልጆቼ፣ ወላዱ፣ ክበዱ» ብዬ ጀመርሁ። ሙሽራይቱን በስሟ ጠርተው የሚመርቁበት መስመር ላይ ስደርስ ግን እጄ ተያዘ። እርሳቸው ይህችን ልጅ አያውቋትም። ከልጃቸው ጋር የተዋወቀችው እርሳቸው ካለፉ በኋላ ነው። በማያውቁት ስም የሚጠሯት እኔ ስለ ጻፍሁት ነው።

እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው፤ አዲስ ይምሰል እንጂ አዲስ አይደለምና።

እ.ኤ.አ. በ1862 የገና ዋዜማ በለንደን ሮያል ፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩት በተባለው፣ የሳይንስና የቴክኒክ ሥራዎች ለሕዝብ በሚታዩበት ተቋም፣ ከቻርልስ ዲክንስ ድርሰት የተወሰደ ትርኢት ቀረበ። ሕያው ተዋናይ በመድረኩ ላይ ቆሞ ሳለ መንፈስ የመሰለ ፍጡር ከአጠገቡ ብቅ ይላል፤ ወዲያ ማዶው በሰውነቱ ውስጥ አልፎ ይታያል፤ እንደ አመጣጡም ይጠፋል። ዘዴውን መጀመሪያ ያሰበው ሄንሪ ዲርክስ የተባለ መሐንዲስ ሲሆን፣ ለመድረክ እንዲመች አድርጎ ያሻሻለው የተቋሙ መምህር ጆን ሄንሪ ፔፐር ነው። እስከ ዛሬም «የፔፐር መንፈስ» እየተባለ ይጠራል። (ዲርክስ በዚህ ቅር ተሰኝቶ ነበር፤ እኔም ብሆን ቅር ይለኝ ነበር።)

አሠራሩ ቀላል ነው። በተመልካቹና በመድረኩ መካከል ትልቅ ንጹሕ መስታወት ዘንበል ተደርጎ ይቆማል። ከመድረኩ በታች፣ ተመልካች በማያየው ስፍራ፣ ሌላ ተዋናይ በጨለማ ውስጥ ይቆማል። ብርቱ መብራት ሲበራበት ምስሉ በመስታወቱ ላይ ያርፋል፤ ተመልካቹ ግን መስታወቱን ስለማያይ ምስሉ ከመድረኩ ሰው ጎን የቆመ ይመስለዋል። ማታ በታክሲ መስኮት ወደ ውጭ ስንመለከት የገዛ ፊታችን ከመንገዱ መብራት መካከል ተንሳፍፎ እንደምናየው ማለት ነው። ፔፐር በመጀመሪያው ምሽት ዘዴውን ለታዳሚው ሊያስረዳ አስቦ ነበር፤ የሰዉን መደነቅ ባየ ጊዜ ግን ማስረዳቱን ለሌላ ጊዜ አቆየው። መምህር የነበረው ሰው በዚያች ምሽት ባለ ትርኢት ሆነ። የኛ የሽቶ ሻጭ በዚህ ይበልጠዋል።

150 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ወራት ሲቀሩ ያው ዘዴ ልብስ ለውጦ ተመለሰ። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2012 በካሊፎርኒያ በሚካሄደው ኮቼላ በተባለው የሙዚቃ በዓል ላይ ቱፓክ ሻኩር ከመድረኩ ብቅ አለ። ቱፓክ በ1996 በላስ ቬጋስ በጥይት ተመትቶ በ25 ዓመቱ የሞተ ዘፋኝ ነው። ከስኑፕ ዶግ ጋር አብሮ ዘፈነ፤ ተራመደ፤ በመጨረሻም ብርሃን ሆኖ ተበተነ። ብዙዎች ሆሎግራም አሉት፤ ሆሎግራም ግን አልነበረም። በመስታወቱ ፈንታ ቀጭንና ብርሃን የሚያሳልፍ ፕላስቲክ ዘንበል ተደርጎ ተወጥሮ፣ በተደበቀው ተዋናይ ፈንታ ደግሞ የፕሮጀክተር ብርሃን ነበረ። የሚታየውም ሰው ከድሮ ፊልም ተቆርጦ የመጣ ሳይሆን ለዚያው ምሽት በኮምፒዩተር የተሠራ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ እንመጣለን። ያ ምስል እንደ ወጣ ሕዝቡን በበዓሉ ስም እየጠራ ሰላምታ ሰጠ። ኮቼላ ለመጀመሪያ ጊዜ የተካሄደው በ1999 ነው፤ ሰውየው የሞተው በ1996። በሕይወቱ ሳለ ያልነበረን በዓል ስም ከፍ ባለ ድምፅ ጠራ፤ በዚያ የነበረው ሕዝብም በእልልታ ተቀበለው። ይህን ካነበብሁ በኋላ የጓደኛዬ ወንድም እጮኛ ስም ከአእምሮዬ አልወጣም።

አንዳንዱ፣ የዚህ ሁሉ ጥፋት የስክሪኑ ግዝፈትና ድምቀት ነው ይላል። እኔ በዚህ አልስማማም። ቱፓክ በተመታባት በዚያችው በላስ ቬጋስ፣ እ.ኤ.አ. መስከረም 2023 ስፊር የተባለ ክብ አዳራሽ ተከፍቷል፤ የውስጡ ስክሪን 15,000 ካሬ ሜትር ያህል ነው፤ ሁለት የእግር ኳስ ሜዳ አንድ ላይ ተጣጥፎ ከራስ በላይ እንደ መወጠር ማለት ነው። ተመልካቹን በበረሃ ወይም በባሕር መካከል ያቆመዋል። ይህ ግን በማንም አፍ አልተናገረም። ሰው ስለ ትልቅነቱ ቢደነግጥ ምን ይጎዳዋል?

ሌላው ደግሞ «ቤተሰብ ከፈቀደ ምን ችግር አለው?» ይላል። የቱፓክም እናት መፍቀዳቸው በጊዜው ተነግሯል። ይህ ጠንካራ ነገር ነው፤ ጓደኛዬም የያዘው ይህንኑ ነበር። ነገር ግን ውርስ የሚወረሰው ምን ምን ነው? ቤት ይወረሳል፤ መሬት ይወረሳል፤ የተጻፈ ዘፈን ገቢው ይወረሳል። አፍ ይወረሳልን? ባገራችን የሟች ቃል የሚከበረው በኑዛዜ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ኑዛዜን ተናዛዡ ራሱ ብቻ የሚያደርገው ሥራ ነው ይለዋል፤ ሌላ ሰው ወክዬዋለሁ ብሎ ሊናዘዝለት አይችልም። ሽማግሌዎቻችንም ሕጉ ከመውጣቱ በፊት ይህን ያውቁታል። በሟች ኑዛዜ ላይ አንድ ጥማድ በሬ የጨመረ ልጅ፣ «አባቴ ቢኖር ይሰጠኝ ነበር» ቢልም እንኳ፣ ስሙ ሌላ ነው። በበሬ የማይፈቀደው በምርቃት እንዴት ይፈቀዳል?

ጓደኛዬ ግን በዋዛ የሚረታ ሰው አይደለም። «በቴአትር ቤት ዐፄ ቴዎድሮስን የሚጫወተው ተዋናይስ?» አለኝ። «እርሳቸው ያላሉትን ሲናገር ታጨበጭባለህ።» ለዚህ መልስ ለማግኘት ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ያገኘሁትም ይህ ነው። ተዋናዩ የሚናገረው በገዛ ፊቱና በገዛ ድምፁ ነው። ትርኢቱ ሲያበቃ ወጥቶ እጅ ይነሣል፤ ደራሲውም ስሙ በወረቀት ላይ ታትሟል። ቃሉ ቢከፋ የሚጠየቅ ሰው አለ። በሠርጉ ስክሪን ላይ ግን ቃሉን የተናገረው ማን ነው ቢባል፣ የሚታየው አባትየው ናቸው፤ የተናገርሁት እኔ ነኝ፤ እኔ ደግሞ ከአዳራሹ ጀርባ ተደብቄ ምግብ እበላለሁ። ፔፐር ከመድረኩ ሥር የደበቀው ተዋናይ እኔ ልሆን ነበር።

አባ የተባለው የስዊድን የሙዚቃ ቡድን በዚህ ረገድ የተሻለ መንገድ የያዘ ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2022 ጀምሮ በለንደን በተሠራ ልዩ አዳራሽ፣ አራቱ ዘፋኞች በወጣትነት መልካቸው በግዙፍ ስክሪን ላይ ይታያሉ። ይሁን እንጂ አራቱም ያኔ ከሰባ ዓመት በላይ ሆነው በሕይወት ነበሩ። ለእንቅስቃሴ መቅረጫ የተዘጋጀ ልብስ ለብሰው ለአምስት ሳምንት ያህል በ160 ካሜራዎች ፊት ራሳቸው ዘፍነዋል፤ በዚያ ላይ የወጣቶች እንቅስቃሴ ተጨምሮበታል። ከስክሪኑ ጎን የሚጫወቱት ሙዚቀኞችም ሥጋና ደም ያላቸው ናቸው። ምስሉ ያላሉትን ቢል «አይሆንም» የሚሉ ባለቤቶች ነበሩት። የሞተ ሰው «አይሆንም» ማለት አይችልም፤ ስለዚህም እኛ «እሺ ብሏል» ማለት አንችልም።

ይህን ሁሉ ለጓደኛዬ ነገርሁት፤ ተቆጣም። «ሠርጉ ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው ፍልስፍና ታመጣለህ» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ከመጀመሪያውም እሺ ባልል ይሻል ነበር። በመጨረሻ ነገሩ ወደ አጎታቸው ሄደ። እርሳቸው የኔን ክርክር አንዱንም አልሰሙም፤ ቪዲዮ አንሺው ስለ ስክሪኑ ካስረዳቸው በኋላ፣ «መልካም፤ ልጆቹ ጉልበቱን የሚስሙት በየት በኩል ነው?» ብለው ጠየቁ። ቀልድ ይሁን ቁም ነገር አልታወቀም፤ ነገሩ ግን እዚያው ቀረ።

በሠርጉ ቀን ስክሪኑ ላይ የአባትየው ፎቶግራፍ ያለ ድምፅ ታየ። አጎትየው ተነሥተው መረቁ፤ ሙሽሮቹም የእናታቸውንና የአጎታቸውን ጉልበት ሳሙ። ያማረ ነበር። እኔም ትክክል ሠራሁ ብዬ በልቤ ኮራሁ።

ከሠርጉ በኋላ በሁለተኛው ሳምንት ግን ጓደኛዬን ፍለጋ ወደ ቤታቸው ብሄድ እናታቸውን ብቻቸውን አገኘኋቸው። ቡና አፍልተው ነበር። ቁጭ እንዳልሁ፣ «አስቀረህብኝ አሉ» አሉኝ። የምመልሰው ጠፋኝ። «እማማ፣ እውነተኛ አይደለም እኮ፤ ኮምፒዩተር ነው» አልሁ። «አጥቼው መስሎህ ነው? እኔ አይደለሁም ወይ የቀበርሁት? ግን ስሜን ሲጠራ አንድ ጊዜ ብሰማ ማንን እጎዳ ነበር?»

ከላይ የጻፍኋቸው ምክንያቶች ሁሉ በእጄ ነበሩ፤ አንዱንም ማውጣት አልቻልሁም። አሁንም ቢሆን ለእርሳቸው የሚሆን መልስ ያገኘሁ አይመስለኝም። ለአምስት መቶ እንግዳ የሚቀርብ ትርኢት ሌላ ነው፤ አንዲት ሴት በጓዳዋ የምትሰማው ድምፅ ሌላ ሳይሆን አይቀርም።

«የጻፍኸው አለህ?» አሉኝ። ደብተሬ በቦርሳዬ ውስጥ ነበር። «አንብብልኝ» አሉ። በገዛ ድምፄ፣ እየተንተባተብሁ፣ ማንበብ ጀመርሁ። ሁለተኛው መስመር ላይ ስደርስ በእጃቸው አስቆሙኝ።

«ኧረ እሱ እንዲህ አይልም ነበር» አሉና፣ ሲኒውን አስቀምጠው እርሳቸው እንዴት ይሉ እንደ ነበር ይነግሩኝ ጀመር።